ሐዋሳ ውስጥ ከካቶሊክ ሲስተሮች ጋር ማገልገል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ጠዋት ወዴት እንደምሄድ የሚያውቁ ጓደኞቼ ጥያቄ አያልቅባቸውም። አንዳንዱ የምር ጥያቄ ነው፤ አንዳንዱ ሰፈር ውስጥ የሚዞር ወሬ ነው። ለእያንዳንዱ ከምመልስ ብዬ ሁሉንም እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አስቀድሜ ልናገር፦ ካቶሊክ አይደለሁም፤ የሲስተሮቹም ቃል አቀባይ አይደለሁም። ሐዋሳ ባለ አንድ የሲስተሮች ቤት ለጥቂት ዓመታት ብርድ ልብስ ያጠብኩ፣ ምስር የለቀምኩ፣ ሰው ያጎረስኩ የከተማው ልጅ ነኝ። ቤቱን በስም አልጠራውም። ስማቸው ሲነሳ ደስ አይላቸውም፣ እኔም ማስታወቂያ እየሠራሁ አይደለም።

«ሲስተር» ስትል ነርስ ማለትህ ነው?

አይደለም። ግን ግራ ብትጋቡ አይፈረድባችሁም። ጤና ጣቢያ ገብቶ «ሲስተር!» ብሎ ያልተጣራ ማን አለ? ድሮ አውሮፓ ውስጥ ሆስፒታሎቹን ይይዙ የነበሩት መነኮሳይት ስለነበሩ ስሙ ነርሶቹ ላይ ቀረ። ወደ እኛም የመጣው በዚያው መንገድ ነው።

እዚህ የማወራው ስለ ካቶሊክ መነኮሳይት ነው። ድህነት፣ ንጽሕናና ታዛዥነት የሚባሉ ሦስት መሐላዎች አሏቸው። በትዳር አይኖሩም፤ የግሌ የሚሉት ንብረት የላቸውም፤ አለቃቸው ነገ ወደ ሌላ ከተማ ሂጂ ካለቻቸው ሻንጣቸውን ይይዛሉ። ከዓለም ተለይተው በጸሎት ብቻ የሚኖሩ ካቶሊክ መነኮሳይት አሉ። እኛ ከተማ የምናያቸው ግን ውሏቸው ክሊኒክና ኬጂ፣ ወፍጮ ቤትና ገበያ ነው። አንዳንዷ ደግሞ መነኩሴም ነርስም ናት። እሷን ሲስተር ሲስተር ልትሏት ነው እንግዲህ።

ስትጠሯቸው «ሲስተር» ብላችሁ ስማቸውን አስከትሉ። በዕድሜ ገፋ ያሉትን «እርስዎ» በሉ። የቤቷን ኃላፊ ብዙ ቦታ «ማዘር» ይሏታል።

ሁሉም ፈረንጆች ናቸው አይደል?

ይሄ የድሮ ሥዕል ነው። ከአባቶቻችን የሰማነው ነጭ ልብስ የለበሰች፣ ሲዳምኛ የምትሰባብር ጣሊያናዊት ናት። እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ ጥቂቶች ዛሬም አሉ። እኔ የማገለግልበት ቤት ግን አብዛኞቹ ሐበሾች ናቸው። አንዷ የዓዲግራት ልጅ ናት፣ አንዷ ከጉራጌ፣ አንዷ ከወላይታ። ቡና ሲፈላ ማን ያፍላው ብለው የሚከራከሩበትን አማርኛ ብትሰሙት ሳቃችሁ ይመጣል።

ነገሩ ታሪክ አለው። የሐዋሳ ሰው ኮምቦኒ ሲባል ትምህርት ቤቱ ነው የሚታወሰው። ስሙ የመጣው ከዳንኤል ኮምቦኒ ነው። ጣሊያናዊ ቄስ ነው፤ ዕድሜውን ሱዳን ላይ ጨርሶ እ.ኤ.አ. በ1881 ካርቱም ውስጥ በ50 ዓመቱ ሞተ። በ1864 አንድ ዕቅድ ጽፎ ነበር። ፍሬ ነገሩ «አፍሪካን በአፍሪካ ማዳን» የሚል ነው፤ ሥራውን የአህጉሩ ልጆች ራሳቸው ይያዙት ማለቱ ነው። የሴቶቹን ማኅበር በ1872 ቬሮና ከተማ መሠረተ። የእሱ ማኅበር ሰዎች ወደ ሲዳማ የደረሱት በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ዛሬ በዓለም ላይ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ካቶሊክ መነኮሳይት አሉ። ቁጥሩ በአውሮፓና በአሜሪካ በየዓመቱ እየቀነሰ ነው፤ በአፍሪካ ይጨምራል። እንዲያውም አሁን የእኛዎቹ ወደዚያ እየሄዱ ነው። የጣሊያን አረጋውያን ቤት ውስጥ አፍሪካዊት ሲስተር ሽማግሌ ስታጎርስ ማየት ብርቅ አይደለም። ጆሴፊን ባኪታም አለች። ሱዳናዊት ናት። በልጅነቷ ለባርነት ተሸጠች፤ እጅ በእጅ ተላልፋ ጣሊያን ደረሰች፤ እዚያ ነጻ ወጥታ ሲስተር ሆነች። በ1947 ሞተች፤ በ2000 ቤተ ክርስቲያኗ ቅድስት ብላ አወጀቻት።

ማለትም «ማዘር ትሬዛ» ናቸው?

ባጃጅ ነጂ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስበው። ማዘር ትሬዛዎቹ አንድ ማኅበር ናቸው፤ ሌሎች ብዙ አሉ። ማዘር ትሬዛዎቹን በልብሳቸው ትለያላችሁ፦ ነጭ ሳሪ፣ ጠርዙ ላይ ሦስት ሰማያዊ መስመር። ማኅበሩ በ1950 ካልካታ ተመሠረተ፤ ማዘር ትሬዛ ራሳቸው በ1973 አዲስ አበባ መጥተው ከንጉሡ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ እኛ አገር ገባ። ከሦስቱ መሐላ ሌላ አራተኛ አላቸው፦ የድሆችን ድሃ በነጻ ማገልገል።

የቪንሴንት ደ ፖል ልጆች የሚባሉት ከዚያ በጣም ይቀድማሉ። በ1633 ፈረንሳይ ውስጥ ተመሠረቱ፤ ኢትዮጵያ የገቡት በ1927 ነው። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ባቱ ላይ፣ ድሮ ዝዋይ የምንላት ከተማ፣ የሳሌዢያን ሲስተሮች አሉ፤ እነሱ በይበልጥ ትምህርትና ሙያ ላይ ናቸው።

እኔ ደጋግሜ የማወራው ግን የአጣጥን ታሪክ ነው። ጉራጌ ውስጥ፣ ወልቂጤ አጠገብ ያለ ሆስፒታል ነው። የሜዲካል ሚሽን ሲስተሮች በ1969 ከፈቱት። ይህን ማኅበር የመሠረተችው አና ዴንግል የምትባል ኦስትሪያዊት ሐኪም ናት። ወጣት ሳለች ዛሬ ፓኪስታን በሆነው አገር ራዋልፒንዲ ውስጥ ትሠራ ነበር። እዚያ ሴቶቹ ወንድ ሐኪም ፊት አይቀርቡም። ሴት ሐኪም ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በምጥ ይሞታሉ። መነኮሳይት ሐኪም ቢሆኑስ? እንዳይሉ የቤተ ክርስቲያኗ ሕግ መነኮሳይት እንዳያዋልዱ ይከለክላል። አና በ1925 ማኅበሯን ስትጀምር ይኼው ክልከላ ስለነበር ሙሉውን መሐላ እንኳ መፈጸም አልቻሉም። ሮም ክልከላውን ያነሳችው በ1936 ነው። አንድ ሕግ እስኪለወጥ አሥራ አንድ ዓመት ሥራቸውን እየሠሩ ጠበቁ።

አጣጥ ላይ ያደረጉት ደግሞ እንዲህ ነው። ከሩቅ ገጠር የምትመጣ ነፍሰ ጡር ምጥ ሲይዛት ብትነሳ አትደርስም። ስለዚህ ከ1976 ጀምሮ ግቢው ውስጥ የእናቶች ማቆያ ቤት ሠሩ። ለአደጋ የተጋለጠችዋ ቀኗ ሲቃረብ መጥታ እዚያው ትጠብቃለች። ራሷ ታበስላለች፤ ሲመጣባት ጥቂት እርምጃ ሄዳ ሐኪም ዘንድ ናት። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ስታዩ፣ ያ ሐሳብ እኛ አገር ቀደም ብሎ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ አጣጥ ነው።

ሐዋሳ ውስጥስ ምን ይሠራሉ?

ቤቱ ይለያያል። ኬጂና ትምህርት ቤት አለ። የጤና ሥራ አለ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ያለውን የቡሹሎን የጤና ተቋም የማያውቅ የሐዋሳ ሰው የለም፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። የልብስ ስፌትና የምግብ ዝግጅት ሥልጠና የሚሰጡ አሉ። አስታማሚ የሌላቸውን ታማሚዎች፣ የአእምሮ ሕመምተኞችን፣ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን የሚያስጠጉም አሉ። እኔ ያለሁት ከዚህኛው ዓይነት ቤት ነው፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይህን እያሰብኩ ነው።

ሃይማኖቴን ሊያስቀይሩኝ ነው?

እናቴም ይሄንኑ ነው የጠየቀችኝ።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የያዘ ሰው ዓላማው ቁጥር ከሆነ በጣም ሰነፍ ነጋዴ ነው ማለት ነው። የሚማሩትም የሚታከሙትም በአብዛኛው ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንትና ሙስሊም ናቸው። ሠራተኞቹም እንደዚያው። እኔን እስከ ዛሬ ማንም «ና ቅዳሴ ግባ» ብሎኝ አያውቅም። የጸሎት ሰዓት ሲደርስ እነሱ ይገባሉ፤ እኔ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ።

ሃይማኖታቸውን ግን አይደብቁም። ግድግዳው ላይ መስቀል አለ፤ ማዕድ ላይ ይጸለያል። ይሄ የሚረብሻችሁ ከሆነ ሌላ የምታገለግሉበት ቦታ ሞልቷል። የመጣችሁት እናንተ ልትሰብኩ ከሆነም አይሆንም። አንድ ጊዜ በራሪ ወረቀት ይዞ ታማሚዎች መሀል የገባ ልጅ ነበር። በትህትና እስከ በሩ ሸኙት።

ምን ሥራ ይሰጠኛል?

የመጀመሪያ ቀን ላፕቶፕና ማርከር ይዤ ሄድኩ። እንግሊዝኛ ላስተምር ነበር ሐሳቤ። ማዘር ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ጎሽ። መጥረጊያው ከበሩ ኋላ ነው» አለችኝ። ሼም ያዘኝ። ዛሬ ሳስበው ትክክል ነበረች። አስተማሪ አላቸው፤ የሚጠርግ ነበር ያጡት።

ሥራው እንዲህ ያለ ነው፦ ብርድ ልብስ ማጠብና ማስጣት፣ ምስር መልቀም፣ ሰው ማጎረስ፣ ጥፍር መቁረጥ። ማጎረስ ቀላል ይመስላል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ አንድ ሳህን ገንፎ እስኪጨርስ ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ብትቸኩሉ ትን ይለዋል። ትዕግሥት እንደሌለኝ ያወቅኩት እዚያ ነው።

ከሁሉ የሚፈለገው ግን አብዛኛው ሰው የማያስበው ሥራ ነው፦ አስታማሚ መሆን። የእኛን ሆስፒታል ታውቁታላችሁ። ታማሚ ብቻውን አይታከምም። ካርድ የሚያወጣ፣ ደም ይዞ ላብራቶሪ የሚሮጥ፣ «ይሄ መድኃኒት እዚህ የለም፣ ውጭ ፈልጉ» ሲባል ከተማውን የሚዞር፣ ሌሊት አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚተኛ ሰው ያስፈልጋል። ዘመድ ያለው ዘመዱ ያደርግለታል። ዘመድ የሌለውስ? አንዲት ሲስተር አንድ ታማሚ ይዛ ከገባች ቀኗ አለቀ፤ ቤት ያሉት ደግሞ ሌሎች አሉ።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ምናቸው ነህ?» አለችኝ። መልስ አላዘጋጀሁም ነበር። «በጎ ፈቃደኛ» ልበል? እሳቸው ቀደሙኝ። «ልጄ ነው» አሏት። ከዚያ በኋላ ሁሌም እንደዚያው ነው የምለው፤ ሰልፉ ላይም ጥያቄ ይቀንሳል።

ቋንቋም ትልቅ ነገር ነው። አማርኛ የማትሰማ የሲዳማ እናት፣ ከትግራይ የመጣች ሲስተር፣ ከአዲስ አበባ የተመደበ ሐኪም፦ ሦስቱ ሲገናኙ ማን ያግባባቸው? ሲዳሙ አፎ፣ ማለትም ሲዳምኛ፣ አጥርታችሁ የምትናገሩ ልጆች፣ የትኛውም ዲግሪ ከዚህ አይበልጥም። ወላይትኛም እንደዚያው።

ለመመዝገብ ምን ላድርግ?

ደውሉ ወይም በአካል ሂዱ። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት አትሂዱ፤ ሩጫ ላይ ናቸው። በአቅራቢያችሁ ባለ የካቶሊክ ቁምስና (ደብር እንደማለት ነው) ብትጠይቁ የትኛው ቤት ሰው እንደሚፈልግ ይነግሯችኋል። መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። የሚያውቃችሁ ሰው ምስክርነት ሊጠይቋችሁ ይችላል፤ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ መጠየቅ አለባቸው። የማይጠይቅ ቤት ካጋጠማችሁ እኔ ብሆን ራሴው ጥያቄ ይፈጠርብኛል።

በየስንት ጊዜው መሄድ አለብኝ?

የምትችሉትን ያህል ሳይሆን የማትቀሩትን ያህል። ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው። በመጀመሪያው ወር በየቀኑ የሚመጣ፣ በሁለተኛው ስልኩ የማይነሳ ስንቱን አየን። በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ በቃ። ያቺን ግን አትቅሩ። ከአውሮፓ ለሦስት ሳምንት ከሚመጣ ሰው ይልቅ ለሦስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣ የሰፈር ልጅ ትጠቅማለች። ይሄን ስል የሚቀየም ፈረንጅ ወዳጅ አለኝ፤ ግን እሱም ያምናል።

ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። ልጅ የሚያቅፈው ሰው በየወሩ ሲቀያየርበት ሰው ማመን ይተዋል። ለአጭር ጊዜ ብቻ የምትችሉ ከሆነ ከልጆቹ ራቅ ያለ ሥራ ጠይቁ፤ ቀለም መቀባት፣ አጥር መጠገን፣ ኮምፒውተር ማስተካከል።

ውጭ ያለ ዘመዴ መጥቶ ማገልገል ይችላል?

ይችላል፤ ግን ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይጻፍላቸው። የቱሪስት ቪዛ ለጉብኝት ነው፤ ምን ዓይነት ቪዛ እንደሚያስፈልገው ከሚቀበለው ቤት ጋር ቀድሞ ይጨርስ። የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ካለው ያለ ቪዛ ገብቶ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት ይችላል። ሐኪም ወይም ነርስ ቢሆንም እዚህ ፈቃድ ሳያወጣ ታማሚ መንካት የለበትም። እዚያ አገሩ ተማሪ ሳለ የማያደርገውን እዚህ መጥቶ ሊለማመደው አይገባም።

ክፍያ አለው?

የለውም። ምሳ አለ። ትራንስፖርት በራሳችሁ ነው።

ሲስተሮቹም ለየራሳቸው ደመወዝ አይወስዱም። መምህርት ወይም ነርስ ሆና ደመወዝ የምታገኝ ብትሆን እንኳ ገንዘቡ የሚገባው ለማኅበሩ ነው። ቤቱ የሚተዳደረው እንደየማኅበሩ ነው፤ ከማኅበሩ፣ ከውጭ ለጋሾች፣ ከትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከራሳችን ከተማ ሰውም። አንድ ኩንታል ጤፍ በር ላይ አራግፎ ስሙን ሳይናገር የሚሄድ ነጋዴ አለ።

ልብስና ምግብ ልውሰድ?

ይሄ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። አንድ ክረምት ሰፈር ዞሬ አሥር ማዳበሪያ ሙሉ ልብስ ሰበሰብኩ። ፌስቡክ ላይም ለጠፍኩት፤ ላይኩ አይጠየቅ። ሲስተሮቹ ያንን ሲለዩ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ከውስጡ የወጣው ተረከዙ ረጅም ጫማ፣ የሠርግ ቬሎ፣ እጅጌው አንድ የሆነ ካፖርት። የቀረውም አብዛኛው መጥረጊያ ጨርቅ ሆነ። ማንም አልተቆጣኝም። የከፋው እሱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ የማያምር ነገር ነው፦ የልብስ ሳሙና፣ በረኪና፣ የአዋቂ ዳይፐር፣ ጓንት፣ ዘይት።

የልደት ወይም የተዝካር ምግብ ለማብላት የምታስቡ ከሆነም ቀን አስይዙ። ለገናና ለፋሲካ ሦስት ቡድን በአንድ ቀን ይመጣና ምግቡ ይበላሻል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝናቡን ፈርቶ ማንም አይመጣም። የጾም ቀን አትርሱ፤ ቤቱ የካቶሊክ ቢሆንም ከሚኖሩት ውስጥ ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ እናቶች አሉ። ሙስሊም ታማሚም ስላለ ሥጋው ማን እንዳረደው ይጠየቃል።

ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

አይቻልም። ማጠቢያውን አንሱ ከፈለጋችሁ።

እዚያ የተኛውን ሰው ዘመዶቹ የት እንዳለ ያላወቁ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የናንተን ሰልፊ አይተው እንዲያውቁ አትፍረዱበት።

ልጅ በማደጎ ማግኘት እችላለሁ?

ከሲስተሮቹ እጅ ልጅ አይሰጥም። ለውጭ ዜጎች ማደጎ በጥር 2010 ዓ.ም. በሕግ ተከልክሏል። ኢትዮጵያውያን ይችላሉ፤ መንገዱ ግን በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በፍርድ ቤት በኩል ነው። ከመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ መርጣችሁ ስጦታ እየገዛችሁ ተስፋ አትስጡት።

በሽታ አይዘኝም?

የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ሊኖር ስለሚችል መስኮት ይከፈታል፣ ማስክ ይደረጋል። ጓንት ያለ ምክንያት አይሰጣችሁም፤ አድርጉት። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት መከተብ ጥሩ ነው። ጉንፋን የያዛችሁ ቀን ደግሞ ቤታችሁ ዋሉ። እናንተን በሦስት ቀን የሚለቅ ጉንፋን እዚያ ያሉትን አረጋውያን ሊወስድ ይችላል።

ሲስተር መሆን ብፈልግስ?

አንዷ ጓደኛዬ በምር ጠይቃኝ ሲስተሮቹ ዘንድ ወስጃታለሁ። መልሳቸው «አትቸኩዪ» ነው። መጀመሪያ መተዋወቅ፣ ከዚያ አብሮ መኖር፣ ከዚያ ኖቪሺየት የሚባል ቢያንስ የአንድ ዓመት የዝግጅት ጊዜ አለ። ቀጥሎ ለተወሰኑ ዓመታት የሚታደስ መሐላ ይመጣል። የዘላለሙ መሐላ ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። በመሀል ሐሳቧን የለወጠች ቤቷ ትመለሳለች፤ አያሳፍርም። ጓደኛዬ አሁን ባለትዳር ናት፣ ሁለት ልጆች አሏት። እሑድ እሑድ ግን እዚያው ታገለግላለች።

ወንድ ነኝ፤ እነሱ ሴቶች ናቸው። ይቀበሉኛል?

እኔም ወንድ ነኝ። እንዲያውም ወንድ ያንሳቸዋል። ወንድ ታማሚዎችን የሚያጥብ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር የሚያነሳ፣ ጺም የሚላጭ ሰው ሲመጣ በር ላይ ነው የሚቀበሉት። ምላጩን እነሱ ያቀርባሉ። መላጨት የማታውቁ ከሆነ ጋሽ እንትና አሉ፤ ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ ናቸው፣ አልጋ ላይ ሆነው ያሠለጥኗችኋል። የመጀመሪያው ጉንጭ የሚሆነው የራሳቸው ነው።